ቀድማ የምትመርጥ ከተማ

የመረዳጃ ማኅበራችን ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት ዓመት፣ እኔ ዙሪክ ሆኜ ከመምረጤ በፊት ማን እንደተመረጠ አውቅ ነበር። ጠንቋይ ሆኜ አይደለም። ማኅበሩ በጄኔቫ፣ በሎዛን፣ በበርንና በዙሪክ አባላት አሉት፤ ከጠቅላላ ጉባኤው አስቀድሞ በየከተማው ማጣሪያ ይደረጋል። እጩዎቹ በባቡር እየመጡ ሐሳባቸውን ይናገራሉ፤ ሰው ለወደደው እጁን ያወጣል፤ ይቆጠራል። አንድ እሑድ ለአንድ ከተማ ነው። መጀመሪያ ጄኔቫ፣ መጨረሻ ዙሪክ። ማኅበሩን ያቋቋሙት ሰዎች ጄኔቫ ይኖሩ ስለነበር ከዚያ ተጀመረ፤ ልማድ ሆኖ በዚያው ቀረ። ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ጣጣው እጅ ማውጣቱ ላይ ነው። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ጄኔቫ ላይ ያነሰ እጅ የወጣለት እጩ እዚያው ብድግ ይላል፤ “እኔ ከወንድሜ ጋር አልፎካከርም፣ እግዚአብሔር ያግዘው” ብሎ ያሸነፈውን አቅፎ ይስማል። ሰው ያጨበጭባል፤ ሴቶች እልል ይላሉ። ጨዋ ተባለ ማለት ነው። እንዲያ ባያደርግ “ይቺን ይቺን ወንበር እንዴት ቢመኛት ነው” ተብሎ ይታማል። ሎዛን ሲደረስ አንድ እጩ ብቻ ቀርቷል። በርን “እነሱ ካሉ እኛ ምን እንላለን” ትላለች። ዙሪክ ስትደርስ የምናወጣው እጅ ለሰላምታ ይሆናል እንጂ ለምርጫ አይሆንም።

ከዙሪክ አጠገብ፣ ዲቲኮን የምትኖር ወዳጅ አለችኝ። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትንሽ ነው የሚቀራት። ልብስ እየተለየ በሚታሸግበት መጋዘን ትሠራለች። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። “እትዬ፣ ይሄ ጾምዎ መቼ ነው የሚያልቀው?” ትለኛለች። “ያንቺ ጩኸት ሲያልቅ” እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን ነው የተዋደድነው።

ባሏ ታሞ ዙሪክ ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ተኛ። እኔ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፤ የመጋዘኑ ሰዓት ለእሷ ስለማይመች። ከማኅበሩ ግን የመጣ አልነበረም። ክፋት አይደለም። የታመመ ሰው ጠያቂ ተብለው የተመደቡት ሁሉም የጄኔቫ ሰዎች ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱ ሁልጊዜ ከዚያ ስለሚወጣ የሚሾመውም የሚያውቃቸውን ነው። ከጄኔቫ ዙሪክ ድረስ ለአንድ ሰዓት ጥየቃ ማን ይመጣል? ሲሞት ግን መጡ። ባቡር ሞልተው መጡ፣ ከልባቸው አለቀሱ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ሳህን እያጠብን እንዲህ አለችኝ፦

“ለሬሳው የመጡት ለሰውየው ቢመጡለት ኖሮ እንዴት ደስ ይለው ነበር። ጨዋታ ይወድ አልነበር?”

ፕሬዚዳንት ለመሆን የፈለገችው ለዚህ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም። በየከተማው የየራሱ ጠያቂ እንዲኖር። ባለፈው ምርጫ ተነሣች፤ ጄኔቫ ላይ ቆማ ይህንኑ ተናገረች። እኔ የዙሪክን ተራ እየጠበቅሁ ነበር፤ ቀሚሴንም ተኩሼ ሰቅያለሁ። ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልክ ደወለች።

“እትዬ፣ ወጣሁ።”

“ከየት?”

“ከምርጫው። ለሌላው ብዙ እጅ ወጣ። ሁሉም እኔን ያያሉ። ያን ሁሉ ሽማግሌ ፊት ለፊት አስቀምጬ እምቢ ልበል?”

“እኛ ሳንመርጥሽ? አንቺን የምመርጥበት እጄስ ምን ይሁን?”

“ይጸልዩበት” አለችና ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። ስልኩን ዘግቼ ቀሚሱን ወደ ቁም ሣጥኑ መለስኩት።

ዘንድሮ የምርጫው ዓመት ሲመጣ እንደገና ልትነሣ ፈለገች፤ ግን ፈራች። “ጄኔቫ ላይ እንደገና ከማፍር ባልነሣ ይሻላል” ትላለች። እኔም ነገሩን ትቼው አላውቅም።

ልጄ ጄኔቫ፣ ግራንድ ሳኮኔ ነው የምትኖረው። ከዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ትሠራለች፤ የማኅበራችን አስመራጭ ኮሚቴም አባል ናት። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ፣ ምሳ በልተን ቁጭ ባልንበት በቴሌቪዥን የአሜሪካ ወሬ ይታያል። በረዶ የሸፈነው መንደር ነው። ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ካሜራ የያዙት ከተሰለፉት ይበዛሉ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አልኳት።

“የፕሬዚዳንት ማጣሪያ ነው እማዬ። ፓርቲዎቹ እጩአቸውን የሚለዩበት።”

“አሜሪካ በሙሉ ዛሬ ይመርጣል?”

“አይ፣ ይቺ ትንሽ ግዛት ቀድማ ትመርጣለች። ሌሎቹ ተራ በተራ ይከተላሉ። ወራት ይፈጃል።”

“መጨረሻ ያሉትስ?”

“ብዙ ጊዜ እነሱ ጋ ሳይደርስ ነገሩ ያልቃል። የተሸነፉት ቀድመው ይወጣሉዋ።”

“ታዲያ ዝም ይላሉ?”

“ኧረ ይጮኻሉ። አንዱ ሁሉም በአንድ ቀን ይምረጥ ይላል። ሌላው ተራው ይዙር ይላል። አንዳንዱ የራሱን ቀን ወደ ፊት ስቦ ሊቀድም ይሞክራል። ቀዳሚዎቹ ደግሞ ቦታችንን አንለቅም ይላሉ። እንዲሁ ሲከራከሩ ይኖራሉ።”

ተነሥቼ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት።

“እማዬ! እያየሁ እኮ ነው!”

“አይቼልሻለሁ። ያቺ በረዷማ መንደር ማለት እናንተ ናችሁ። የሚጮኹት እኛ ነን።”

“ኤጭ፣ ጀመራት!” ልጄ ትራሷን አቅፋ ወደ ኋላ ተደገፈች። “ስሚኝ ደግሞ። አንድ ቦታ ጀምሮ ተራ በተራ መሄድ ጥቅም አለው። ማንም የማያውቀው እጩ ትንሽ ከተማ ገብቶ ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል። ሁሉም በአንድ ቀን ከሆነ ስሙ የታወቀው ብቻ ነው የሚያሸንፈው። የዲቲኮኗን ወዳጅሽን በርን ውስጥ ማን ያውቃታል?”

ይህ እውነት አለው። እውነት ሲነገረኝ ዝም ማለት አውቃለሁ። ግን ብዙ አልቆየሁበትም።

“ደግ። አንድ ቦታ ይጀመር። ያ ቦታ ሁልጊዜ ጄኔቫ ይሁን ያሉት መላእክት ናቸው?”

“እሱን ለጋሼ ንገሪያቸው፤ እኔን አትጨቅጭቂኝ።”

“እነግራቸዋለሁ።”

“እማዬ፣ እኔ የኮሚቴ ሰው ነኝ። እንዳታሳፍሪኝ።”

“የማሳፍርሽ ብሆን ኖሮ እስካሁን አፍረሽ አልቀሽ ነበር” አልኳት። ትራሱን ወረወረችብኝ።

ጋሼ የምንላቸው ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ናቸው። ጡረታ የወጡ፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም የሚሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቅ ሰው። ከምርጫው በፊት የሁሉም ከተማ ተወካዮች ጄኔቫ ላይ ሲሰበሰቡ መድረኩን የመሩት እሳቸው ነበሩ። እኔና ወዳጄ ከዙሪክ አብረን ሄድን። ልጄ ከኮሚቴው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ስታየኝ ቅንድቧን ሰበሰበች። የማጣሪያው ፕሮግራም ተነበበ፤ እንደ ወትሮው ጄኔቫ መጀመሪያ፣ ዙሪክ መጨረሻ። “አስተያየት ያለው?” ተባለ። እጄን አወጣሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። ንግግር አላውቅም። የማውቀውን ነው የተናገርኩት።

“ልጅ ሆኜ ሰፈራችን አንዲት ቦኖ ውሃ ነበረች” አልኩ። “ከቦኖዋ አጠገብ ያሉት ቤቶች ሁልጊዜ ቀድመው ይቀዳሉ። ክፉዎች አልነበሩም፤ ቅርብ ስለሆኑ ነው። እኛ ከዳገቱ ወርደን ስንደርስ ውሃው ቀጥኗል፣ ወይ ጭራሽ ሄዷል። ‘ምነው ዘገያችሁ?’ ይሉናል። ዘግይተን አልነበረም፤ ቤታችን ሩቅ ሆኖ ነው። ዙሪክም ዘግይታ አታውቅም። በተባለችበት ቀን ትመጣለች፤ ውሃው ግን የለም።”

አዳራሹ ትንሽ ተንጫጫ። ጋሼ በእርጋታ መለሱልኝ።

“እህቴ፣ የተናገሩት ልብ ይነካል። ነገር ግን ማኅበሩ የተወለደው እዚህ ነው። ታላቅ ወንድም ባለበት ታናሽ ቀድሞ አይናገርም። ይህ የኖረ ሥርዓታችን ነው።”

“ታላቅ ወንድም ቀድሞ ይናገር፣ ጋሼ። ግን እሱ ከተናገረ በኋላ ታናሹ አፉን የሚይዝ ከሆነ ምክክር አይባልም፤ ስብከት ነው።”

“አሜን!” ብላ ጮኸች ወዳጄ ከአጠገቤ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ልጄ አፏን በእጇ ሸፈነች። ጋሼም ሳቁ፤ ሳቁና ብዙ አሰቡ። የሚያስቡ ሰው ናቸው፣ ይህን አልክዳቸውም።

“እንግዲያው ዕጣ ይጣል” አሉ በመጨረሻ። “ዕጣ የፈጣሪ ነው፤ የሚቀየም የለም። ዕጣው የወጣለት ከተማ ይቀድማል። ሌሎቹም በዕጣቸው ይከተሉ።”

የከተሞቹ ስም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ባርኔጣቸው ውስጥ ገባ። ራሳቸው እጃቸውን ሰደው የመጀመሪያውን አወጡ፤ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና አነበቡ። ዙሪክ። ወዳጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ሎዛን፣ ከዚያ በርን ወጡ። ባርኔጣው ውስጥ የቀረችው ጄኔቫ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ዙሪክን ብታዩ! አፎልተርን በሚባለው ሰፈር፣ ቤቴ ስልኬ ሲጮኽ ይውላል። “እማማ፣ አኮሩን” ይላል አንዱ። “ዘንድሮ ጄኔቫ ቁጭ ብላ ታጨብጭብ!” ይላል ሌላው። በቤተ ክርስቲያን በር፣ ትራም ውስጥ፣ ዳቦ ቤት፣ ያገኘሁት ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለኝ፦ እኛ ዙሪኮች አንድ ሆነን ለዲቲኮኗ እጃችንን እናወጣለን፤ የጄኔቫው እጩ ያን አይቶ እዚያው ብድግ ብሎ ይወጣል፤ አለቀ። የጄኔቫው እጩ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ደግ ሰው ነው፤ ይሉኝታው የሚያስቸግረው ዓይነት። እንደሚወጣ እኔም አልተጠራጠርኩም። ወዳጄ መመረጧ ነው እያልኩ ተደስቼ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ልጄ ደወለች።

“እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ። እዚህ ሴቶቹ ‘ዘንድሮ ምን ልናደርግ እንሄዳለን፣ ዙሪክ ጨርሶታል’ እያሉ ነው። የሚመጣም የለም።”

“ይቅመሱት!” አልኩ።

“እሺ። እንድታውቂው ብዬ ነው” አለችና ዘጋችው።

ይቅመሱት ያልኩት ቃል ምሳ ላይም አልወረደልኝም። ልጄ ብትቆጣኝ ኖሮ እመልስላት ነበር፤ “እሺ” ነው ያለችኝ። የቦኖዋ ነገር መጣብኝ። ከዳገቱ ያለነው ተነሥተን ቀድመን ብንቀዳና እነዚያ ባዶ እንስራ ይዘው ቢመለሱ፣ የተለወጠው ምንድን ነው? ባዶ የሚመለሰው ሰው ብቻ። ለካ ነገሩ ማን ይቅደም አልነበረም፤ የቀደመው ውሃውን እንዳይጨርሰው ነው። ይህን ጄኔቫ ላይ ቆሜ አላየሁትም። ዕጣው ለእኛ ሲወጣም አልታየኝም፤ ለነሱ ቢወጣ ኖሮ ወዲያው ይታየኝ ነበር።

በማግስቱ ባቡር ይዤ ዲቲኮን ሄድኩ። ወዳጄ ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ ወደ ወንዙ ዳር ወሰድኳት፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የሥራ ጫማዋን አልቀየረችም።

“ፊትዎ ልክ አይደለም” አለችኝ። “አመመዎት?”

“ሰው እጁን አያውጣ። በወረቀት ጽፎ ኮሮጆ ውስጥ ይጨምር። ኮሮጆው ደግሞ ሁሉም ከተማ መርጦ እስኪጨርስ አይከፈት።”

ወደ እኔ ዞረች።

“እትዬ፣ አሸንፌ እኮ ነው።”

“ለዚያ ነው አሁን የምነግርሽ።”

“እርስዎ አይደሉ እንዴ ቆመው የተከራከሩልኝ? ዕጣው ወጣልን! ዙሪክ ሁሉ እጁን ሊያወጣልኝ ነው። እንግዲህ እንደገና ሊነጥቁኝ ነው?”

“ጄኔቫ ውስጥ ባሏ ሆስፒታል የተኛባት ሴት የለችም? እሷ እጇን ለማን ታውጣ? ላንቺ ነው ወይስ ለይሉኝታ?”

“እሷን ብዬ አይደል የምነሣው? ከተመረጥኩ ለእሷም ጠያቂ እልክላታለሁ!”

“ሳትጠይቂያት?”

ተነሣች። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ በመዳፏ ጠረገችው። “ከእኔ ወገን ነዎት ብዬ ነበር።”

“ካንቺ ወገን ነኝ።”

“አይመስልም” አለችና ሄደች። ሁልጊዜ እስከ ባንሆፍ፣ እስከ ባቡር ጣቢያው፣ ትሸኘኝ ነበር። ያን ቀን ብቻዬን ሄድኩ።

የዙሪክ ማጣሪያ በምኖርበት ግቢ ምድር ቤት ባለው የጋራ አዳራሽ ነበር። ሰው ጢም ብሎ መጣ፤ ለዓመታት ያላየሁት ሁሉ መጣ። የአውቶቡስ ሾፌሩ ከፊት ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ሸጉጧል። እጩዎቹ ተናግረው እጅ ይውጣ ከመባሉ በፊት ተነሥቼ ሐሳቤን ተናገርኩ። ያኔ የወረደብኝን ጩኸት አልረሳውም።

“እማማ፣ ምን ነካዎት?”

“ጄኔቫ ልጃቸው አለች፣ ለእሷ ብለው ነው!”

“ዕጣ የእግዜር ነው ተባለ አይደለም እንዴ?”

“ዕጣው ማን ይቅደም ነው እንጂ ማን ይፈር አልተባለም” አልኩ። “የምንኖርበትን አገር ደግሞ እዩ። ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ካንቶኑ ሁሉ፣ ክፍለ ሀገሩ ሁሉ፣ በአንድ እሑድ ነው የሚቆጥረው። ጄኔቫ ያለችውን ሰምታ ዙሪክ አትመርጥም። ይህን ያህል ዘመን ኖረን ቸኮሌታቸውን ብቻ ነው የለመድነው?”

የሳቁ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን አልሳቁም። አንድ ሰው ከኋላ፣ “እስቲ የነገሩ ባለቤት ትናገር! እሷ ምን ትላለች?” አለ። ዓይን ሁሉ ወደ ወዳጄ ዞረ። እሷ ወደ እኔ አየች፤ ረጅም አየችኝ። ከወንዙ ዳር ወዲህ አልተነጋገርንም።

“ባለፈው ጄኔቫ ላይ ወጣሁ” አለች ቀስ ብላ። “ከልቤ ፈልጌ የወጣሁ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። ሰው እጁን ሲያወጣ ወዶ ይሁን አፍሮ በምን ይታወቃል? በኮሮጆ ይሁን።”

ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ዞር አላለችም።

ኮሮጆ የሆነው የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ወረቀቱ ከገባ በኋላ ክዳኑ ላይ ሰፊ ፕላስተር ተለጥፎ፣ ከኦርቶዶክሱም ከጴንጤውም አንዳንድ ሰው በላዩ ፈረመበት፤ አንዱ ብቻውን ቢፈርም ሌላው አያምንምና። ልጄ በኮሚቴው ተከራክራ ለሌሎቹም ከተሞች ይኸው እንዲሆን አስደረገች። ሎዛንም በርንም መረጡ፤ ምን እንደመረጡ ማንም አላወቀም። ጄኔቫም በመጨረሻ መረጠች። ልጄ በስልክ ነገረችኝ፣ “እማዬ፣ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነበር። እኔም ደግሞ የመረጥኳት…”

“አትንገሪኝ!” ብዬ ጮኽኩባት። “ኮሮጆ ለምን አስገባነው?”

“ኧረ እኔ ልጅሽ ነኝ!”

“ልጄም ብትሆኚ!”

ቆርቆሮዎቹ የተከፈቱት በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ጄኔቫ ላይ ነው። የፀደይ ቀን ነበር፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። እኔና ወዳጄ በአንድ ባቡር ሄድን፣ ግን ጎን ለጎን አልተቀመጥንም። ልጄ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነበበች ጋሼ ያዩላታል።

መጀመሪያ የዙሪክ ተከፈተ። ሁለት ሦስቱ የወዳጄ ስም ነበር። ከዚያ የሾፌሩ ስም መጣ። ከዚያ እንደገና የሾፌሩ። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ዙሪኮች እርስ በርስ መተያየት ጀመርን። አንድ ነን ሲሉ የነበሩት፣ አኮሩን ሲሉኝ የነበሩት፣ ብቻቸውን ወረቀት ሲይዙ ሌላ ጽፈዋል። ወዳጄ በልጣለች፣ ግን በጥቂት። እጅ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ እጅ የእሷ ነበር። እኔ ነኝ ያስጣልኳት።

የሎዛንና የበርን ሲነበብ ወደ ኋላ ቀረች። የቀረችው ጄኔቫ ናት፤ ጄኔቫ ደግሞ የሾፌሩ አገር ናት። ያኔ ያ የጥንቱ ነገር መጣ። ማንም ምንም አላለም፤ ሰው ሁሉ ብቻ ዞሮ አያት። አንዲት ሴት ከኋላዋ ጎንበስ ብላ፣ “እህቴ፣ አሁን ብድግ በዪ፣ ያምርብሻል” አለቻት። ወዳጄ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ከወገቧ ተነሣች። ጋሼ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን ማዘጋጀታቸውን አየሁ።

መልሳ ተቀመጠች።

“ይቆጠር” አለች። “ስሜን የጻፈ ሰው ካለ ልስማው። ከሌለም ልስማው።”

የጄኔቫው ቆርቆሮ ተከፈተ። ልጄ ታነባለች። የሾፌሩ ስም፤ የወዳጄ ስም፤ የወዳጄ፤ የወዳጄ፤ የሾፌሩ። ቀና ብዬ ሳይ ከመስኮቱ ሥር ከተቀመጡት የጄኔቫ ሴቶች አንዷ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ማን ሆስፒታል እንደተኛባትም አልጠየቅኋት። የወዳጄ ስም በተነበበ ቁጥር ትከሻዋ ይነቀነቃል።

አልበቃም። በጥቂት፣ በጣም በጥቂት ተሸነፈች። ሾፌሩ ተመረጠ ሲባል ወዲያው እልልታ አልተሰማም፤ ሰው የተነበበውን ስም ገና በጆሮው እያዳመጠ ነበር። ሾፌሩ ራሱ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወደ እሷ መጣና ጎንበስ አለ።

“የሆስፒታሉን ነገር ቁጭ ብለን እንነጋገርበት፣ እህቴ። እንዴት እንደሚደረግ እኔ አላውቀውም።”

“እናያለን” አለችው። አላቀፈችውም፣ አልሳመችውም። እጁን ግን ጨበጠችው።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ መጥታ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሐይቁ እስኪያልፍ ድረስ ወደ ውጭ ታያለች። ብርቱካን ልጬ ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ፣ አልበላችውም።

“ዙሪክ ውስጥ ማናቸው ያልመረጡኝ?” አለች።

“አላውቅም። እንዳይታወቅ ነው ኮሮጆ ያልኩት።”

“እርስዎስ?”

“እኔን ትጠይቂያለሽ?”

“ልጠይቅ እንጂ! ማንን ልመን? አሁን ሁሉንም ነው የምጠረጥረው።” ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። “እጅ ቢያወጡ ኖሮ አሸንፌ ነበር፣ እትዬ።”

“አዎ።”

“አዎ ይላሉ እንጂ አያዝኑም።”

“አዝናለሁ። ከጄኔቫ እስከዚህ ሳዝን ነው የመጣሁት። ነገም ብትነሺ ግን ኮሮጆ እላለሁ።”

“አውቃለሁ። እሱ ነው የሚያናድደኝ።” ብርቱካኑን ከፍላ ግማሹን መልሳ እጄ ላይ አኖረችው። ባቡሩ በዲቲኮን ጣቢያ ሳይቆም ሲያልፍ ቤቷን በመስኮቱ ተከትላ አየችው። “ያቺ የምታለቅሰዋን አይተዋታል? ጄኔቫ ውስጥ የሚመርጠኝ ሰው መኖሩን ባለፈው ሳላውቅ ነበር የወጣሁት።”

ዙሪክ ባንሆፍ ስንወርድ ገና ፀሐይ ነበር። ወደ ዲቲኮን የሚመልሳት ባቡር ቆሞ በሩን ከፍቷል። ልሰናበታት ስል እሷ አልሄደችም፤ በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ሄደ።

“ዛሬ ያ ቤት ብቻዬን አይገባልኝም” አለች።

“እኔ ጋ ነይ።”

“እንደተቆጣሁ ነኝ ግን።”

“ተቆጥተሽ ግቢ። ቤቱ ይችለናል።”

እስከ አፎልተርን ድረስ ከእኔ ራቅ ብላ በሩ አጠገብ ቆመች። ከባቡሩ ስንወርድ ግን ቦርሳዬን ከትከሻዬ ነጠቀችኝና፣ ወደ እኔ ሳታይ ተሸክማልኝ ፊት ፊት ሄደች።